የካሳሁን ጎሚስታው ከሩቅ የምታመጣ ካሜራ

ካሳሁን ጎሚስታው ለቤተሰብ የሚሆን ካሜራ ሊገዛ ነው የተባለ ዕለት፣ የሸዋ ሮቢት ሰው ጉርሻውን ከአፉ አውጥቶ ሳቀ። ካሳሁን ቤተሰብ የሚባል ነገር ካጣ ዘመን ሆኖታል። ቤቱ ውስጥ ከሱ ሌላ ነፍስ ያላት ፍጥረት አንዲት እንሽላሊት ነበረች፤ እሷም ቀን ከጣራው ሥር ተደብቃ ትውልና ሲመሽ አምፖሉ አጠገብ ትንኝ ልትለቅም ብቅ ትላለች። መብራት በፈረቃ ከሆነ ወዲህ ደግሞ እሷም እግሯን አሳጥራለች።

በደህናው ዘመን ካሳሁን ሹፌር ነበር፤ ተሳቢውን እየጎተተ አሰብ ይወርዳል። ስለ ሹፌር የሚወራውን መቼም ሁሉም ያውቀዋል፤ በየከተማው ሚስት አለው ይባላል። ካሳሁን ግን በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ ያበጃት አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷም ጀውሃ። ጥብስ ቤት ያላት፣ ሳቋ ከመንገድ የሚሰማ ሴት። ጀውሃ ማለት ደግሞ ለሸዋ ሮቢት ሰው ጓሮው ናት። ስለዚህ ከተማውን እስከ ዛሬ የሚያስገርመው የሰውየው መወስለት አይደለም። «ሰው አሰብ ድረስ እየነዳ እንዴት ጀውሃ ላይ ይያዛል?» ነው ጥያቄው።

ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ደረሰ። ካሳሁን ሲመጣ ሚስቱ ፈለቀች ልብሱን በማዳበሪያ ጠቅልላ ደጃፉ ላይ አስቀምጣለት ነበር። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም፤ ለሚያዳምጥ ጎረቤት አንዲት ቃል እንኳ ሳትጥል በሩን ዘጋች። ያኔ ልጃቸው ቤዛዊት የወተት ጥርሷ ገና አልተነቀለም። የጀውሃዋም ብዙ ሳትቆይ አንድ ትራፊክ ፖሊስ አገባች፤ ካሳሁን ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል ሲያልፍ ፍጥነቱን ይቀንስ የነበረው ሕግ ፈርቶ ብቻ አይደለም ይላሉ።

ፈለቀች በኋላ ተመስገን የሚባል አናጢ አገባች። ተመስገን ለወሬ ምንም የማይጠቅም ሰው ነው። አይጠጣም፣ አይጣላም፣ ከሥራ ወደ ቤት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከተማ ውስጥ ሲበዛ እኛን ጦም ያሳድረናል። ልጅቷን የራሱ አድርጎ አሳደገ፣ አስተማረ፣ ኮሌጅ አስገባ። ቤዛዊትም «አባዬ፣ አንተ ደግሞ ብላ እንጂ» ትለዋለች። ካሳሁንን መንገድ ላይ ስታገኘው ግን ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ «ጋሼ ካሳሁን፣ እንደምን ዋሉ?» ነው የምትለው፤ አክብራ፣ አንቱ ብላ፣ ለቀበሌ ሊቀመንበር የሚሰጥ ዓይነት ሰላምታ። «እግዜር ይመስገን ልጄ» ይላታል። «ልጄ» ለማንም ልጅ የሚባል ነውና አይቆጠርለትም።

ጉልበቱ ታሞ መሪውን ሲለቅ፣ አውራ ጎዳናው ዳር ጎማ መጠገን ጀመረ። ሹፌሮች ጎማቸው እስኪሞላ ያጫውቱታል፤ ሲሞላ ይሄዳሉ። ሥራው እንዲህ ነው፤ ሰው የሚመጣልህ ሲተነፍስበት ብቻ ነው።

እንግዲህ ሚሌኒየሙ ከተከበረ ወዲህ በሁለተኛው ጥር፣ ቤዛዊት ልታገባ ነው ተባለ። የጥሪ ካርዱ ለከተማው ሁሉ ተበተነ። ካሳሁን ዘንድ አልደረሰም። ለክፋት አይደለም፤ የት ያስቀምጡታል? የአባት ወንበር ላይ ተመስገን አለ። አባትን ደግሞ ከጎረቤት ጋር ዳስ ጥግ መደርደር ነውር ነው። ካሳሁንም ይህን አውቆ አልተቀየመም፤ ቢቀየምም ለማን ይናገራል?

እሱን የቆረቆረው ሌላ ነው። የልጁ ፎቶ የለውም። አንድም። ፈለቀች ያኔ ማዳበሪያው ውስጥ ካልሲውን እንኳ አልዘነጋችም፤ ፎቶ ግን አልጨመረችም። አሁን ሙሽራው ሀዋሳ ይዟት ሊሄድ ነው። ከሄደች ያቺ «እንደምን ዋሉ» እንኳ ትቀራለች። ከመሄዷ በፊት አንድ ፎቶዋን ማስቀረት ነበር የፈለገው፤ ፊቷ በደንብ የሚታይ።

የአብዱሰላም ሱቅ መናኸሪያው አጠገብ ነው። ሬዲዮኑ፣ የእጅ ባትሪው፣ ከጅቡቲ በኩል በግመል ጀርባ በረሃ ያቋረጠው ዕቃ ሁሉ እሱ ዘንድ አለ። መስታወቱ ውስጥ ሦስት ዲጂታል ካሜራዎች ነበሩ።

«ለምን ጉዳይ ነው የሚፈልጉት፣ ጋሼ ካሳሁን?»

«ለቤተሰብ።»

አብዱሰላም ጨዋ ሰው ነው፤ ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው።

«ለቤተሰብ ከሆነ ይቺ ቀይዋ ናት። ቀጭን ናት፣ ኪስ ትገባለች፣ ሜጋዋም ብዙ ነው።»

«ምን ትበላለች?»

«ቻርጅ ነው የምትደረገው።»

«በየትኛው መብራት?»

አብዱሰላም ቀይዋን መለሳት። «እንግዲያውስ ይቺኛዋ። ባትሪ ድንጋይ ነው የምትበላው፣ የትም ሱቅ ያገኛሉ። ብትወድቅ አትሰበርም። ዋጋዋም አይጎዳም። ለልደት በሉ፣ ለክርስትና በሉ፣ እንዲሁ ቤት ውስጥ በሉ፣ ወላሂ ከዚህች የተሻለ የለም።»

«ከሩቅ ታመጣለች?»

«ዙሟ እንኳ ብዙም አይደል። ከሩቅ የምታመጣው ያቺ ወፍራሟ ናት። እሷን ግን አልመክርዎትም፤ ዋጋዋ ከበድ ይላል፣ ስታነሳም ትንቀረፈፋለች። ደግሞስ ለቤተሰብ ዙም ምን ያደርግልዎታል? ቤተሰብ እንደሁ አጠገብ ነው የሚቆመው። ጠጋ ጠጋ በሉ ብለው ያነሳሉ፣ አለቀ።»

ካሳሁን ወፍራሟን በመስታወቱ ውስጥ ሲያያት ቆየ።

«የኔው ራቅ ብሎ ነው የሚቆመው» አለ።

አብዱሰላም አሁን አላሳለውም። መስታወቱን ከፍቶ ወፍራሟን አወጣ፤ ሳይጠየቅም ዋጋዋን ዝቅ አደረገ። ይህን ለማንም አላወራም። ሚስቱ ናት ያወራችው።

ካሳሁን ጎማ የሚጠግንበት ቦታ ተቀምጦ ልምምድ ጀመረ። ማዶ ያለውን ሁሉ አነሳ። አይሱዙ ላይ የተጫነች ፍየል፣ ማሾ የምትሰፍር ሴት፣ ከማጀቴ የመጣ ሚኒባስ። አብዱሰላም እንደነገረው ካሜራዋ የማሰብ አባዜ አለባት፤ ቁልፏን ሲጫኗት ቶሎ አታነሳም፣ ታመነታለች። እስክትወስን ፍየሏ ሄዳ ባዶው አስፋልት ይቀራል። ከተማው «ሰላዩ» የሚል ስም አወጣለት። አንዳንድ ሴቶች እሱ ጋ ሲደርሱ ፊታቸውን መሸፈን፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ፀጉራቸውን ማስተካከል ጀመሩ። ማታ ማታ አልጋው ላይ ተጋድሞ ያነሳቸውን ሰዎች በዚያች ትንሽ መስኮት ያያል። ሁሉም ወደ ሌላ ነው የሚያዩት።

የሠርጉ ቀን ድግሱ አውራ ጎዳናው ዳር ካለ ሆቴል ግቢ ነበር። ካሳሁን ማዶ ማንጎ ከሚሸጥበት ዳስ አጠገብ ቆመ። ኮት ለብሷል። በሸዋ ሮቢት ፀሐይ ኮት የሚለብሰው ሙሽራና እብድ ነው፤ ሙሽራው እዚያ ማዶ ነው።

መኪናዎቹ ጥሩምባቸውን እያንባረቁ ደረሱና ቤዛዊት ወረደች። ካሳሁን ካሜራውን አንስቶ ዙሙን ሳበው። ሳበው፣ ሳበው፤ ልጅቷ መጣች፣ መስኮቷን ሞላቻት። ኩሏ፣ ግንባሯ ላይ ችፍ ያለው ላብ፣ እንደሱ ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘመመው አፍንጫዋ። ይህን ያህል ቀርቦ አይቷት አያውቅም፤ ከማዳበሪያው ወዲህ ማለቴ ነው። ሲያያት መጫን ረሳ። ሲያስታውስ ተጫነ፣ ካሜራዋ አመነታች፣ ባጃጅ አለፈ። ደግሞ ተጫነ፤ አንድ ሰፊ ጀርባ ገባ። ደግሞ ተጫነ፤ የነጣው የቬሎዋ ጫፍ እንደ ጭስ በመስኮቷ ጥግ ሲወጣ ቀረ። ሙሽሮቹ ገቡ። በሩ በሰው ተሞላ።

አልሄደም። የት ይሄዳል? እዚያው እንደቆመ ምሳ ተበላ፤ ዘፈኑ ከማዶ አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ የጭነት መኪና ይሸፍነዋል።

ከዚያ ፈለቀች ወጣች። የሙሽራ እናት የሀገር ልብሷን እንደለበሰች መንገዱን ብቻዋን ስታቋርጥ ባጃጆች ቆሙላት። ማንጎ ሻጯ ቢላዋዋን አስቀምጣ ጆሮዋን አዘጋጀች፤ የምናውቀውንም ሁሉ የምናውቀው ከሷ ነው።

«ኮት ለብሰሃል» አለች ፈለቀች።

«ለብሻለሁ።»

«በዚህ ሐሩር ትሞትና ደግሞ ሠርጌን ለቅሶ ታደርግብኛለህ። ምን አነሳህ?»

አሳያት። ዓይኗን አጥብባ አየች።

«ይሄ ባጃጅ ነው።»

«አዎ።»

«ይሄስ?»

«ተመስገን ነው። ጀርባው።»

«ጀርባው እንኳ ደህና ወጥቷል» አለች። ሦስተኛውን ግን ቆይታ አየችው።

«ልግባ አልልሽም» አለ ካሳሁን።

«ብትልም እምቢ ነው። ዛሬ የተመስገን ቀን ነው። እስከ ዛሬ የደከመ ሰው ፊት አላቆምህም።»

«ልክ ነሽ።»

ሁለቱም የሚያልፈውን መኪና ያያሉ።

«የቱ ጋ ነው የሚጫኑት?» አለች።

«እዚች ጋ። ግን ስትጫኛት ታስባለች። እስክታነሳ እጅሽን አታወዛውዢ።»

«በማሰቧ ካንተ ትሻላለች» አለችና ካሜራውን ነጠላዋ ሥር አድርጋ ተሻገረች።

ጥላው ከእግሩ ሥር ወጥቶ እስኪረዝም ቆመ። ማንጎ ሻጯ በርጩማ አቀረበችለት፤ አልተቀመጠም። መኪናዎቹ ለመሄድ ሲሰለፉ ፈለቀች ተመልሳ ካሜራውን በእጁ አኖረችለት። የሚቀመስ ነገር አላመጣችም፤ ከድግስ ቤት በር ውጭ ለቆመ ሰው ምግብ ይዞ መውጣት ምን እንደሚመስል ታውቃለች።

«የማን ካሜራ እንደሆነ አወቀች?»

«አልነገርኳትም። ስትስቅ ነው ያነሳኋት። ብነግራት ትስቅልህ ነበር?»

ሙሽሮቹ የተቀመጡባት መኪና መስታወቷን ዘግታ በፊቱ አለፈች። መስታወቱ ላይ የታየው የገዛ ኮቱ ነው።

በማግስቱ የመብራቱ ተራ የአብዱሰላም ሰፈር ስለነበር፣ ካሳሁን በጠዋት ሱቁ ሄደ። አብዱሰላም ሚሞሪዋን ኮምፒዩተሩ ላይ ሰካና ባጃጁን፣ ጀርባውን፣ ጭሱን አሳልፎ እሷ ላይ ደረሰ። ቤዛዊት አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ጥርሷ ሁሉ ታይቶ፣ በቀጥታ ወደሚያያት ሰው ትስቃለች። ዙም አልተነካም፤ ፈለቀች ያነሳቻቸው ሁሉ ከቅርብ ናቸው። ካሳሁን ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

«ማሻአላህ፣ እንዴት ያለች ልጅ ናት» አለ አብዱሰላም። «ችግሩ እዚህች ጥጉ ላይ ይቺ የቀላች ነገር፣ ያዩዋታል? ጣት ናት። ያነሱት ሰው አውራ ጣታቸው መስታወቷ ላይ ገብቶባቸው ነው። አያስቡ፣ ከሁሉም እቆርጠዋለሁ። ይኸውልዎ፣ ይቺ ደግሞ ጣት የሌለባት፣ ንጹህ ናት። ይቺን ለማሳጠብ ወደ ደብረ ብርሃን ልላክልዎ?»

ካሳሁን ንጹህዋን አየ። ቤዛዊት ቆንጆ ሆናበታለች፤ ብቻዋን ናት።

«ወደኋላ መልሳት እስቲ» አለ።

አብዱሰላም መለሳት። ከሁሉም ይልቅ ጣቱ የጎላበት ፎቶ ነበር፤ ከቤዛዊት ቬሎ ጎን፣ እንደ ሥጋ የቀላ ጥላ ሩቡን ያህል ይዞታል።

«ይቺን።»

«ይቺማ ተበላሽታለች፣ ጋሼ ካሳሁን።»

«እሷም አለችበት።»

«ማን?»

«እናቷ።»

አብዱሰላም ወደ ጣቱ አየ፣ ወደ ካሳሁን አየ።

«እንዳለ ይውጣ?»

«እንዳለ ይውጣ። እንዳትቆርጥ።»

ፎቶው ከደብረ ብርሃን ታጥቦ ሲመጣ በፍሬም አስገብቶ ጎማ የሚጠግንበት ዳስ ውስጥ ሰቀለው። ጎማቸው እስኪሞላ የሚጠብቁ ሹፌሮች ያዩትና ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚሉት፤ «አያ ካሳሁን፣ ጣት ገብቶበታል እኮ።»

«ገብቶበታል» ይላል ካሳሁን። ጎማውን ውሃው ውስጥ ያገላብጣል፤ አረፋ የሚወጣበትን ይፈልጋል።