በሬ የጠቀጠቀው አመድ

ዛሬ ውርጌሳ ሰፈራችን ውስጥ ሁላችንም በአንድ ጠዋት ሸበትን!

ክረምት በገባ ቁጥር ባጃጅ የሚውጠውን የመንደራችንን መንገድ ልንሞላ፣ ከፋብሪካ የወጣ የድንጋይ ከሰል አመድ በመኪና አስመጣን። አምና ምጥ የያዛትን ጎረቤታችንን በቃሬዛ ያሻገርነው በዚሁ ጭቃ ነው።

እኔ ግንበኛ ነኝ። "አመዱ በውሃ ርሶ በደንብ ካልተጠቀጠቀ ዋጋ የለውም" ብያቸው ውሃ ላመጣ ሄድኩ።

ስመለስ ገበሬ ጎረቤቶቼ ደረቁን አመድ እንደ ጤፍ በእጃቸው እየዘሩት ነው! ነፋሱ ደግሞ መልሶ ፊታቸው ላይ ይዘራዋል። (እኔም አልቀረልኝም።)

"መጠቅጠቂያ ማሽን እስኪመጣ ብንተወውስ?" አለ አንዱ።

ሽማግሌው ሸህ ሰይድ ጢማቸውን አራገፉ። "ጤፍ ስንዘራ ማሳውን የምናስረግጠው በማሽን ነው እንዴ? ወላሂ ዛሬ አልተወውም!" ብለው በሬዎቻቸውን ሊያመጡ ሄዱ።

አመዱን አራስነው፣ ከብት ነዳንበት፣ ሌላ ደረብንበት፣ እንደገና ነዳንበት።

ከሰዓት ዝናብ ጣለ። እንዳባራ አንድ ባጃጅ መጣ፤ ሁላችንም ልንገፋው ተጠጋን።

አለፈ!

ግማሹ መንገድ ገና ይቀራል። ነገም በሬዎቹ ይመጣሉ።

እናንተስ ማሽን ሳትጠብቁ ሰፈራችሁን በምን ጠገናችሁ? ንገሩን፣ እንማር። እኛ ዘንድሮ በዚህ መንገድ ቃሬዛ አንሸከምም።