የመተንፈሻ ቱቦ ሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል

ዛሬ መኪና ሥር ተኝቼ «ታዴ፣ ትንፋሼ ደረሰህ?» ብዬ ጮህኩ። የሥራ ጓደኛዬ ታዴ ግን ሱሉልታ ሄዶ የራሱን ጋራዥ ከከፈተ ሁለት ወሩ ነው።

መኪናው የኦቦ ገመቹ ላንድክሩዘር ነው። ነገ ወንዝ ይሻገራሉ። በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለውን የዲፈረንሻል መተንፈሻ ቱቦ እስከ ሞተሩ ከፍ አድርጌ ካላሰርኩት ውሃ ይስብና ዘይቱ ይበላሻል።

ከዓለም ገና እስከ ተጂ ይህን እንደኔ የሚሠራ የለም። ካላመናችሁ እኔኑ ጠይቁኝ።

ቱቦው ሲታሰር ተጨፍልቆ እንዳይዘጋ፣ አንድ ሰው ከታች ይነፋል፣ ሌላው ከላይ አየሩን በጉንጩ ይጠብቃል። እኔ ብቻዬን ስለሆንኩ ላይኛው ጫፍ ላይ ፌስታል አስሬ ነፋሁ። ምንም የለም! አንዱን ማሰሪያ ከልክ በላይ አጥብቄው ኖሯል። አላልቼ ስነፋ ፌስታሉ ተወጠረ። «ጎበዝ!» አልኩ፣ ለራሴ።

ኦቦ ገመቹ ደርሰው «አካም አቢቹ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አሉኝ።

«ከአዲሱ ረዳቴ ጋር» አልኳቸው። ጎንበስ ብለው ፈለጉት።

እስከ ዛሬ እዚህ ያነበባችሁትን ሁሉ የሚጽፍልኝ ታዴ ነበር። ይህን ግን ፊደል ከቆጠርኩበት የማታ ትምህርት መልስ ራሴ ጻፍኩት።

እናንተስ፣ አብሯችሁ የሚሠራ ሰው ሲሄድባችሁ እንዴት ለመዳችሁት? ጻፉልኝ፤ አሁን የሚያነብልኝ ሰው አያስፈልገኝም።