ለአንድ ሰው የተያዘ ጋቢና

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ነው። መጨረሻውን ያየሁት ግን ዘንድሮ ነው፤ ገና ወር እንኳ አልሞላውም። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲህ ረጅም ነገር ጽፌ ስለማላውቅ ቃላት ይጠፉብኛል። ቢሆንም ለሰው ካልነገርኩት የሚለቀኝ አልመሰለኝም። ለእናቴ ልነግራት አልችልም። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ከሐሳቤ አይወጣም።

የምኖረው ሮቤ ነው። ታላቅ ወንድሜ ታምራት ከሮቤ ጎባ የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ እናቴንና እኔን ያኖረን እሱ ነው። እኔን በስሜ አይጠራኝም። «ተማሪው» ነበር የሚለኝ። ፈተና ወድቄ ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ እንኳ «ተማሪው» ማለቱን አልተወም።

አምና ኅዳር ላይ ሆዱን ያመው ጀመር። ጉበቱ ነው አሉን። አዲስ አበባም ወስደነው ነበር፤ ተመልሶ ጎባ ሆስፒታል ተኛ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ሾርባ ልታመጣ ወጥታ ሁለታችን ብቻ ቀረን።

«ተማሪው፣ በሩን ዝጋ» አለኝ።

ዘጋሁ።

«አንዲት ልጅ አለች።»

ሳቅሁ። ታምራት ስለ ሴት አውርቶ አያውቅም። «አንተ? የታለች?»

«ጊኒር።»

«ጊኒር ድረስ መቼ ሄደህ ነው?»

«እኔ አልሄድኩም። እሷ ናት የምትመጣው። በዓመት አንዴ።»

ስሟ ሀዊ ነው። በየዓመቱ በበዓል ማግስት ጎባ ያለች አክስቷን ልትጠይቅ ከጊኒር ትመጣለች። ሮቤ ከአውቶቡስ ወርዳ ወደ ጎባ ሚኒባስ ትይዛለች። የመጀመሪያው ዓመት የገባችው ታምራት መኪና ውስጥ ነበር፤ ጋቢና። ጎባ እስኪደርሱ ስታስቀው ሄደች። «ሹፌር፣ ይህን መኪና እየነዳኸው ነው ወይስ እየለመንከው?» አለችው። ዳገቱ ላይ መኪናው አቅቶት እያለከለከ ስለነበር ነው። ከሰዓት በኋላ «ሮቤ ገበያ ልሂድ» ብላ አክስቷን አስፈቅዳ እንደገና መጣች። ሮቤ ደረሱ፤ አልወረደችም። ጎባ ተመለሱ፤ አልወረደችም።

በሚቀጥለው ዓመት ጋቢናውን ከጠዋት ጀምሮ ያዘላት። ሰው ሊገባ ሲል «ጋቢና ተይዟል» ይላል። መጣች። ቀኑን ሙሉ ሮቤ ጎባ፣ ጎባ ሮቤ ተመላለሱ። የሚያያቸው ሰው ሹፌርና ተሳፋሪ ነው የሚመስለው። እሷም እንደ ተሳፋሪ በየዙሩ ሒሳቧን ትከፍላለች፤ እምቢ ቢላት አትሰማም። ማታ ገበያ የሄደች እንድትመስል አንድ የፕላስቲክ ጆግ ትገዛና ወደ አክስቷ ትመለሳለች። ታምራት ይህን ሲነግረኝ እያመመው ሳቀ። «አክስቷ ቤት ሦስት ጆግ አለ» አለኝ።

ሦስት ዓመት፣ ሦስት ቀን። ሌላ ነገር አልነበረም።

«ስልክ የላትም?» አልኩት።

«አላት። ቁጥሯን ግን እንዳትሰጠኝ አልኳት። ከሰጠችኝ እደውላለሁ። ከደወልኩ ወንድሞቿ ያነሱታል።»

ከዚያ ዋናውን ነገር ነገረኝ። በሦስተኛው ዓመት ሀዊ «ቤተሰቦቼ ሰው አምጥተውልኛል። አንተ ሽማግሌ ትልካለህ ወይስ አትልክም? ለከርሞ በዓል ቁርጡን ንገረኝ። ካልመጣህ እንደተውከኝ እቆጥረዋለሁ» ብላው ነበር። ዓመቱን ሙሉ ሲያስብበት ቆይቷል።

«ምን ልትላት ነበር?»

«እሺ።» ወደ በሩ አየ። «እኔ ካልተነሳሁ አንተ ጠብቃት። በበዓል ማግስት፣ በጠዋት። ጋቢናውን ያዝላት። ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማ። እሺ ሊልሽ ነበር በላት። ለማንም አትንገር፤ ለእማማም።»

እኔም «እሺ» አልኩ። እናቴ ሾርባውን ይዛ ገባች።

ጥምቀትን ከእኛ ጋር ቤት ዋለ። በሳምንቱ አረፈ።

ለቅሶው አለፈ። እናቴ ከቤት መውጣት አቆመች። እኔ የወንድሜን ቃል ይዤ በዓል እስኪደርስ ቀን እቆጥር ነበር። ሀዊን ያገኘበት የመጀመሪያው ዓመት ትዝ ይለኛል። የፋሲካ ሰሞን ነበር። ታምራት ከሥራ እያፏጨ ሲገባ እናቴ «ጾሙ ተፈታ ብለህ ጠጣህ?» ብላዋለች። እና በዓል ማለት ፋሲካ ነው ብዬ ያዝኩ። ያዝኩ ስል፣ አላሰብኩበትም። እኛ ቤት በዓል ከተባለ ፋሲካ ነው።

የፋሲካ ማግስት ሰኞ ገና በጠዋት መናኸሪያ ሄድኩ። የታምራትን የበዓል ሸሚዝ፣ ሰማያዊውን፣ ለብሼ ነበር። እንድታውቀኝ ብዬ ነው፤ መልካችን ይመሳሰላል። የድሮ መኪናውን አሁን የሚነዳውን ልጅ ለምኜ ጋቢናውን አስያዝኩ። የጊኒር አውቶቡስ ገባ። ወጣት ሴቶች ሲወርዱ አንድ በአንድ አየሁ። ማንም ወደ ጋቢናው አልመጣም። ሁለተኛው አውቶቡስም ገባ። ሹፌሩ ሰለቸው። «ወንድሜ፣ ባዶ ወንበር ይዤ ስንት ዙር ልመላለስ?» አለኝ።

እኩለ ቀን ላይ ከድር መጣ። ከድር የታምራት ረዳት የነበረ ነው። ታምራት ሲታመም ወደ ጎሮ መስመር ተዛውሮ ነበር። ሸሚዙን ሲያይ ደንግጦ ቆመ።

«ወላሂ እሱ መሰልከኝ። ተማሪው፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ሰው እየጠበቅኩ ነው።»

«ማንን?»

ለማንም አትንገር ተብዬ ነበር። ግን ከድር ለሦስት ዓመት በዚያች መኪና በር ላይ ቆሞ ያየ ሰው ነው። እሱ እንደሚያውቅ እስከዚያ ሰዓት ድረስ አለማሰቤ ራሱ ይገርመኛል።

«ሀዊን» አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። «ዛሬ?»

«በበዓል ማግስት ብሎኛል።»

«ያ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ!» አለና ጭንቅላቱን ያዘ። «ያንተ በዓል እኮ አይደለም! ሀዊ የእኛ ልጅ ናት። የምትመጣው በኢድ ማግስት ነው። ኢድ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆነው!»

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ያኔ ነው ሁሉም ነገር የመጣልኝ። መጀመሪያ ባገኛት ዓመት ኢድ የዋለው ከፋሲካ በሳምንቱ ነበር። ኢድ ግን በየዓመቱ በአሥር ቀን ገደማ እየቀደመ ይመጣል። በሦስተኛው ዓመት ሁዳዴ ውስጥ ገባ። በዚያ ዓመት በጾሙ መሀል ታምራት ሰማያዊ ሸሚዙን ለብሶ ሲወጣ እናቴ «አንተ፣ በጾም የምን በዓል ነው?» ብላው አብረን ስቀንበታል። እኔም ስቄያለሁ። እሱም ስቋል። እሱ «በዓል» ሲል የእሷን ማለቱ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ያስጨነቀውም ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። የእኛን እናትና የእነሱን ቤት ሲያስብ ነው።

ከድር ተራ አስከባሪውን ጠራው። ለሥራው አዲስ ነው። «በኢድ ማግስት ታምራት የሚባል ሹፌር የጠየቀች ልጅ ነበረች?» አለው።

ሰውዬው አሰበ። «ጆግ የያዘችው?»

በዚያ ቀን ጆጉን አስቀድማ ገዝታው ነበር። ኋላ ገበያ ስትል ሰዓት እንዳያልፍባት ይመስለኛል።

«ጋቢና ገብታ ጎባ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ሄዳ መጣች» አለ ተራ አስከባሪው። «ከዚያ የዚህ መኪና ሹፌር የት ነው አለችኝ።»

«ምን አልካት?» አለ ከድር።

«ለቋል አልኳት። ለቋል ነው የተባልኩት፤ እኔ ምን አውቃለሁ?»

ሰውዬው ጥፋት የለበትም። ታምራት ሥራውን ከለቀቀ ወራት አልፈውታል። ግን እሷ የሰማችው ያን ነው። ቁርጡን ሊነግራት የነበረ ሰው ለቆ ሄደ።

ጊኒር ሄጄ ልፈልጋት ነበር። ከድር ከለከለኝ። «አንተ፣ የማን ልጅ ብለህ ነው የምትጠይቀው? ሀዊ ብቻ? ወንድሞቿ በር ላይ ቆመህ የሴት ልጅ ስም ልትጠራ? እሷን ነው የምትጎዳት። ከርሞ ትመጣለች ኢንሻአላህ።» የአክስቷንም ቤት አናውቀውም፤ ሀዊ ሁልጊዜ የምትወርደው ጎባ መናኸሪያ ነበር። እንዲያም ሆኖ ልሄድ እችል ነበር። ፈራሁ። ከርሞ እያልኩ ዓመቱን አሳለፍኩት።

ዘንድሮ ኢድ የዋለበትን ቀን ሦስት ሰው ጠይቄ አረጋገጥኩ። በማግስቱ ሸሚዙን ለብሼ ሄድኩ። ከድር ከጎሮ መስመር ፈቃድ ወስዶ ለዚያ ቀን ብቻ የድሮ በሩ ላይ ቆመ። «ጎባ፣ ጎባ፣ ጎባ! ጋቢና ተይዟል!» ሲል ድምፁ እንደ ድሮው ነበር። እኔ ከጋቢናው ኋላ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ከድር ድንገት ዝም አለ። ቀና ብዬ አየሁ። አንዲት ሴት ሕፃን አቅፋ ትመጣለች። አጠገቧ ባሏ ቦርሳ ይዟል። ከድርን ስታየው አንዴ ቆም አለች፤ ከዚያ መንገዷን ቀጠለች።

«ጋቢናው ተይዟል?» አለ ባልየው።

«ሕፃን ለያዘ ነው» አለ ከድር። «ግቡ።»

እሷ መሀል፣ እሱ በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ። መኪናው ተነሣ። ፊቷን አላየሁትም፤ ሻሿንና የሕፃኑን ትንሽ እግር ብቻ ነበር የማየው። መናገር አለብኝ። ባሏ አጠገቧ ነው። ምን ብዬ ልጀምር?

ዳገቱ ላይ መኪናው ያለከልክ ጀመር። ያኔ እሷ ተናገረች፤ ለሹፌሩ ነው፣ እንደ ቀልድ።

«የድሮው ሹፌር ይህን ዳገት መኪናውን እያባበለ ነበር የሚወጣው። ለቀቀ አሉኝ።»

«እኔ አላገኘሁትም» አለ ሹፌሩ። «ወንድሙ ያውልሽ፣ ከኋላሽ።»

ዞረች። መጀመሪያ ያየችው ሸሚዙን ነው። ቀጥሎ ፊቴን አየች።

«ደህና ነው?» አለችኝ።

«አርፏል» ልል ነበር። እንደ «ለቋል» ሌላ ነገር እንዳይመስላት ፈራሁ።

«ሞቷል» አልኩ።

«መቼ?»

«ባለፈው ዓመት፣ ጥር ላይ። ከበዓል በፊት።»

«ከየትኛው በዓል?»

እኔ ወንድሜን መጠየቅ የነበረብኝን እሷ በሁለት ቃል ጠየቀችኝ።

«ከእናንተ» አልኩ። «ከኢድ በፊት። ታሞ ነው። ተኝቶ ነበር።»

ወደ ፊት ተመለሰች። «ኢና ሊላሂ» አለ ባሏ። «ረቢ ሃ ረህመቱ፤ ነፍሱን ይማረው። ስንት ዓመቱ ነበር?» ነገርኩት። ጨዋ ሰው ነው። ስለ ጉበት በሽታ፣ ስለሞተበት ዘመዱ አወራኝ። እሷ የሕፃኑን ፊት በሻሿ ጫፍ ትጠርጋለች። ፊቱ ንጹሕ ነበር። ጎባ እስክንደርስ ስትጠርግ ነበር።

መናኸሪያው ስንደርስ ባሏ ሒሳብ ሲያወጣ ከድር እምቢ አለ። «ተቀበለው» አለችው ሀዊ። «ሁልጊዜ ይከፈላል።» ከድር ተቀበለ፤ አንገቱን አቀረቀረ።

ባሏ ቦርሳውን ሲያወርድ ወደ እኔ መጣች። «እናታችሁን አጽናልኝ» አለችኝ። እናትህን አላለችም። ከዚያ ሕፃኑን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛውራ ሄዱ።

«እሺ»ን አልነገርኳትም። አፌ ላይ ደርሳ ነበር። ባሏ ባይኖር እንኳ እነግራት እንደነበር አላውቅም። አሁን ቢያንስ ትቷት እንዳልሄደ ታውቃለች። እሺ ሊላት እንደነበር ብነግራት ግን ያንን ይዛ ወደየት ትሄዳለች? ከድር «ደግ አደረግህ» ይለኛል። ታምራት ግን የላከኝ ለዚያች ቃል ነበር። አንዳንድ ቀን ከድር ልክ ይመስለኛል፤ አንዳንድ ቀን ወንድሜን ሁለት ጊዜ የበደልኩት ይመስለኛል።

ያን ቀን ወደ ቤት ስገባ እናቴ ደጃፍ ተቀምጣ ነበር። ሁዳዴ ነው። ሸሚዙን ቀና ብላ አየችው፣ ብዙ ቆይታም «ልጄ፣ በጾም የምን በዓል ነው?» አለችኝ።

እንደ እሱ ልስቅ ሞከርኩ። አልቻልኩም። ገብቼ ሸሚዙን አወለቅኩት።