የሙሽራው ኮት

የስፌት መኪና ዘይት ሲሸተኝ የመጀመሪያዋ የተማሪ ቤት ቁምጣዬ ትዝ ትለኛለች። ትናንት ንፋስ መውጫ ከተማ፣ ታሂር ልብስ ሰፊው ዘንድ ያው ሽታ ነበር፤ ሬዲዮኑ ግን ስለ ሶማሊያ ያወራል። ልብስ ሊያሰፉ የመጡ ሁለት መምህራን ይሟገታሉ።

«ጦራችን ይውጣ!»

«ከወጣማ ጠላት ድንበር ይደርሳል!»

አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አውልቀው፣ እንደ ወታደር ደረታቸውን ነፍተው፣ በልጃቸው ፈንታ ለሠርግ ኮት ይለካሉ።

«ሙሽራው የት ሄዶ ነው?» አለ ታሂር።

«እዚያው፣ ሶማሊያ።»

ሙግቱ ቆመ። አንደኛው መምህር፣ «አባባ፣ እርስዎስ? ይውጣ ወይስ ይቆይ?» አላቸው።

ሽማግሌው ወደ ታሂር ዞሩ። «እጅጌውን ረዘም አድርገው፤ ሲሄድ ገና እያደገ ነበር።»

ሬዲዮኑ «እስካሁን አልተወሰነም» አለ።

«ታዲያ ጨርቁን ልቁረጠው ወይስ እንጠብቅ?» አለ ታሂር።

«ቁረጠው እንጅ!» አሉና፣ የታሂርን ሜትር አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ፣ ደኅና ዋሉ ሳይሉን ወጡ።