በሙቅ ውሃ የታጠበው ጋቢ

ልጄም እንደኔ አቧራ ያስነጥሰዋል። አንሶላውን በሙቅ ውሃ ስዘፈዝፍ እንፋሎቱ ፊቴን ይመታኛል፤ ያኔ ካዛንቺስ የነበረው ግቢያችን ትዝ ይለኛል።

አባቴ የሞተ ዓመት ጋቢውን ለብሼ ነበር የምተኛው። እማዬ አላጠበችውም ነበር። አፍንጫዬ ድሮም ድፍን ነበር፤ በዚያ ክረምት ግን ጠዋት ጠዋት ማስነጠሱ ባሰብኝ። ቡልጋሪያ ሰፈር ወዳለ ክሊኒክ ወሰደችኝ።

«አለርጂ ነው» አላት ሐኪሙ። «ምንጣፉን ከመኝታ ቤት ያውጡት። ልጅቷ ለብሳው የምትተኛው ሁሉ በሙቅ ውሃ ይታጠብ።»

«ጋቢም?» አለች እማዬ።

«ጋቢማ ዋናው ነው። አቧራ ይይዛል።»

ቤት እንደገባን ሳፋውን ግቢ አወጣች። ፊቷን ጋቢው ውስጥ ቀብራ ትንሽ ቆየችና ነከረችው። ውሃው ጠቆረ። አሽታ፣ ጨምቃ፣ ገመድ ላይ ስትሰቅለው «በቃ፣ አሁን ሄደ» አለች። አቧራውን መስሎኝ ደስ አለኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አፍንጫዬ ተከፈተ። መጀመሪያ ያሸተትኩት ጋቢውን ነው። ሳሙና ሳሙና ይላል።

ልጄ አሁን ደህና ይተኛል። የአባቴ ጠረን ምን ዓይነት እንደነበር ግን ዛሬም አላውቅም።