ሁሉም እኔ ጋ ይቁም
የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አሠራር በቢፒአር በሚለወጥበት ጊዜ ከጎንደር ወልቂጤ ሄጄ ለዞኑ ንግድ መሥሪያ ቤት የንግድ ፈቃድ ሶፍትዌር እሠራ ነበር። ከወልቂጤ ርቆ ያለ የአረቅጥም የጉንችሬም ነጋዴ ጉዳዩን እዚያው ወረዳው እንዲጨርስ፣ ወረዳ ቢጨመርም ሥራው እንዳይጨናነቅ አድርጌ ነደፍኩት። ኃላፊው ንድፉን አገላብጠው አዩና፣ «እኅቴ፣ ሁሉም ማመልከቻ መጀመሪያ እኔ ጋ ይቁም» አሉኝ።

«ለአንድ ፊርማ ከአረቅጥ ድረስ ይምጡ እንዴ ጋሼ?»

«ታዲያ ደጅ ካልጠኑን ማን ያከብረናል?» ብለው ከት ብለው ሳቁ።

በመስኮቱ ሕፃን ያዘለች ነጋዴ ከጠዋት ጀምሮ ደጃቸው ላይ ቆማ ትታየኛለች። የቀረበልኝን ሻይ ወደ ጎን ገፋ አደረግኩት። አማተብኩና፣ «እግዜር ያያል፤ ይህን በእጄ አልሠራም» አልኩ።

«ግድ የለም፣ የሚሠራ አይጠፋም።»

አልጠፋም። በእኔው ንድፍ ላይ ሌላ ሰው የእሳቸውን ፊርማ ጨመረላቸው፤ አዲስ ወረዳ ሶፍትዌሩ ውስጥ በገባ ቁጥር የደጃቸው ሰልፍ ረዘመ።