ሦስተኛው ማርሽ

ዱዌን ኩቸራ ያንን ፒካፕ ማደስ ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመት ሞላው። በዚህ መሃል ልጁ አግብታ ሁለት ወልዳለች፤ የመብራት መስመር ሠራተኛ የነበረው እሱ ራሱም ከምሰሶ ላይ ወርዶ ጡረታ ወጥቷል። ፒካፑ ግን ከጋራዡ አንዲት ስንዝር ፈቀቅ አላለም።

እርግጥ ሲመጣም መኪና ነው ለማለት ድፍረት ይጠይቅ ነበር። የ1951 ሼቭሮሌት ይባል እንጂ፣ ጎረቤቱ ሚሎ ስቮቦዳ ከእርሻው ዳር ሲያስረክበው በጭነቱ ወለል መሃል ክንድ የሚያህል ዛፍ በቅሎበት ነበር። የሚሎ አባት ዕድሜ ልካቸውን በቆሎ ሲያመላልሱበት ኖረው፣ ሲያረጅ እዚያው አቆሙት።

«ውሰደው፤ ዛፉንም መርቄልሃለሁ» አለ ሚሎ።

ከዚያ ወዲህ ሚሎ አንድም ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም። ከዳቦ ቤት ኮላቼ የሚሉትን ፕሪም የተሞላ ጣፋጭ ዳቦ አስጠቅልሎ ይመጣል፤ የቀለም ባልዲ ገልብጦ ይቀመጣል፤ ከዳቦው መሃል ፕሪሙን በጣቱ እየዛቀ ምክር ይሰጣል። ቁልፍ አቀብል ቢሉት ወገቡን ያመዋል። ምክሩማ አይነሳ! ዱዌን ፍሬኑን እሱ እንዳለው ሠርቶት ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ የሚያወራ አይገኝም ነበር።

«ዛሬስ ይወጣል?»

«የበሩ ላሜራ ገና አልቀናም።»

«አባቴ እኮ ጎባጣውን ነው ሲነዳው የኖረው!»

«አባትህ ዓይን አልነበራቸውማ!»

የዱዌን ሕመም ይኸው ነበር። ሞተሩ መሥራት ከጀመረ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ያስነሳዋል፣ ጆሮውን አዘንብሎ ያዳምጠዋል፣ መልሶ ያጠፋዋል። እንከን ያለበት መኪና መንገድ ላይ አላወጣም ባይ ነው። ቀለም ይቀባል፣ በማግስቱ ፀሐይ ሲያርፍበት አንዲት ጠባሳ ያያል፣ ሁሉንም ፍቆ እንደገና ይጀምራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት ደግ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ያልቸኮለችውስ ምን ለቀመች?

በቆሎው ከሰው ቁመት ያለፈ ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ሚሎ መጥቶ ተቀመጠና ኮላቼውን ሳይፈታ ቀረ። ሱሪው ሰፍቶት፣ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በምስማር በስቷል።

«ሐኪሞቹ አጨዳውን አታይም አሉኝ» አለ።

ዱዌን የያዘው የብርጭቆ ወረቀት ከእጁ ወደቀ።

«እንዲያው አንድ ጊዜ በአባቴ መኪና እስከ ወንዙ ድልድይ ብትወስደኝ...»

ሚሎ በዚያ ሁሉ ዓመት ከዱዌን አንዳች ነገር ለምኖ አያውቅም።

«ምን ችግር አለው! የቀረኝ ቀለሙ ብቻ ነው። ወንበሩም ልብሱ እንዲቀየርለት ሰፊ ቤት ሄዷል። ሦስት ሳምንት ስጠኝ።»

ሚሎ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ዱዌን እንቅልፍ አጥቶ ሠራ። ግማሹን ቀይ ከቀባ በኋላ በሩ ላይ ቀለሙ ወርዶ አየና ፋቀው። በሁለተኛው ቅዳሜ ሚሎ ከራሱ መኪና ወርዶ እስከ ባልዲው ግድግዳ ተደግፎ መጣ። ይህን የዱዌን ሚስት ማርሊስ በማድ ቤት መስኮት አየች። አርባ ስድስት ዓመት አብራው ስትኖር በመኪና ጉዳይ ገብታ አታውቅም፤ ሚሎ ሲሄድ ጠብቃ ጋራዡ ገባች።

«ሚሎ የሚቀመጠው ቀለሙ ላይ ነው እንዴ?»

«ወንበር እንኳ የለውም እኮ፣ ማርሊስ!»

«አሥራ አንድ ዓመት ምን ላይ ሲቀመጥ ነው ያየኸው?»

ዱዌን ባልዲውን አየና አፈረ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ባልዲውን ከፒካፑ ጋቢና ወለል ጋር በቀበቶ ጠፍሮ፣ ማርሊስ የሰጠችውን ትራስ አደረገበት። ለራሱ የወተት ሣጥን አሰረ። ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ግራጫ በሆነው መኪና ሚሎ ደጅ ሲደርስ ሦስተኛው ማርሽ አልገባ ብሎ መንደሩን በጩኸት አናግቶት ነበር።

ሚሎ ወጥቶ አየና እስኪያስለው ሳቀ። «በዚህ ልትወስደኝ?»

«ሊሙዚን አዝዤልህ ነበር፤ ዛፍ በቀለበት።»

በበቆሎው መካከል በጠጠሩ መንገድ ወረዱ። ከፊት የሚመጣው ሁሉ እንደ አገሩ ወግ ለሰላምታ ከመሪው ላይ አንድ ጣቱን ብድግ ያደርጋል። ሚሎም ከባልዲው ላይ ለሁሉም ጣቱን ያነሳል። ዱዌን ሦስተኛውን ማርሽ ሲሞክር እንደገና ጮኸ።

«ተወው! አንተ ፍሪሲዮኑን ርገጥ፤ ማርሹ የእኔ ነው» አለ ሚሎ። «ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር እንዲህ ነበር የምንነዳው።» የከሳ እጁን ዘንጉ ላይ አሳረፈ። «ይኸውልህ፣ ትንሽ ወደ ራሴ ሳብ፣ ከዚያ ወደ ፊት።»

ማርሹ ያለ ድምፅ ገባ። ሚሎ በአሥራ አንድ ዓመት የሰጠው ትክክለኛ ምክር ይህ ብቻ ነበር። እስከ ድልድዩና መልስ ማርሹን የቀየረው እሱ ነው።

ከአጨዳው በፊት፣ አንድ ሐሙስ ቀን ሚሎ አረፈ።

ዱዌን ከዚያ ወዲህ ቀለም አልገዛም። ቀሪውን መቼ ትቀባዋለህ ለሚሉት «አልቋል እኮ» ይላቸዋል። ለአንዲት የቀለም ጠብታ ብሎ ያቺን ቀን ሊያጣት እንደነበር ሲያስብ ይዘገንነዋል፤ እንዳላጣት ሲያስታውስ ደግሞ ተመስገን ይላል። ማርሊስንም ያመሰግናል፣ እስኪሰለቻት።

ወንበሩ መጥቶ ተገጠመ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ኮላቼ ይዘው እሱና ማርሊስ እስከ ድልድዩ ይነዳሉ። ሦስተኛው ማርሽ ላይ ሲደርሱ ዱዌን ፍሪሲዮኑን ይረግጥና «በይ እጅሽን» ይላታል። ማርሊስ ዘንጉን ትንሽ ወደ ራሷ ሳብ፣ ከዚያ ወደ ፊት ታደርገዋለች።